ከጎናችሁ ያለውን ባዶ ቦታ ለመግዛት ባለቤቱን ማን ያናግርላችሁ? ራሳችሁ፣ ሽማግሌ፣ ደላላ ወይስ ጠበቃ

ከቤቴ አጥር ማዶ አንድ ባዶ ቦታ አለ። አዲስ አበባ ዳር፣ ከአያት ሰፈር አለፍ ብሎ፣ ጣፎ ሳይደርሱ ነው። ዙሪያው በዛገ ቆርቆሮ ታጥሯል። ክረምት ላይ አረሙ ሰው ይደብቃል፣ በጋ ላይ የሰፈሩ ፌስታል ሁሉ እዚያ ነው የሚያርፈው፣ ማታ ደግሞ ጅብ ይገባበታል። ስድስት ዓመት ሙሉ ከመስኮቴ እያየሁት "ይሄን ቦታ ብይዘውስ?" ያላልኩበት ወር ትዝ አይለኝም።

ታዲያ አንድ ቀን አፌን ከፈትኩ፣ የከፈትኩት ግን በማይሆን ሰው ፊት ነው። ሻይ ቤት ለማውቀው ደላላ ነገርኩት። በሳምንቱ ወሬው ሦስት ደላላ ጋ ደርሷል። በአሥራ አምስት ቀኑ የባለቤቱ ዘመድ ነኝ ያለ ሰው ደውሎ ዋጋ ነገረኝ፤ መጀመሪያ ከሰማሁት በግማሽ ይበልጣል። ምነው ጨመረ ስለው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "ላንተ እኮ ከሌላው ሰው የበለጠ ይጠቅምሃል።" እውነቱን ነው።

የጎረቤት ገዢ ችግሩ ይሄ ነው። ሌላ ገዢ ዋጋው ካልጣመው ሰንዳፋም ሱሉልታም ሄዶ ሌላ ያያል። እናንተ ግን የምትፈልጉት ይሄንኑ ነው፣ ሻጩም ያውቃል። ስለዚህ "ስንት ነው?" ከማለታችሁ በፊት "ማን ሄዶ ያናግረው?" የሚለውን ጨርሱ። እኔ ከከሰርኩበትም ጎረቤቶቼ ከሞከሩትም ተነስቼ አራቱን መንገዶች፣ አምስተኛም ጨምሬ፣ ላነጻጽርላችሁ ነው።

## ሰው ከመላካችሁ በፊት፦ ቦታው የምን ቦታ ነው?

ሁላችንም "ቦታ ገዛ"፣ "ቦታ ሸጠ" እንላለን። በሕጉ ግን መሬት አይሸጥም አይለወጥም። ከ1967ቱ አዋጆች ወዲህ እንዲህ ነው፣ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም አንቀጽ 40 ላይ አጽንቶታል። የሚሸጠው መሬቱ ላይ ያለው ቤት ነው፣ ወይም የሊዝ መብቱ፣ ማለትም ከመንግሥት ለተወሰነ ዓመት በክፍያ የተያዘው የመጠቀም መብት። ቤት ያለበት ግቢ ስትገዙ ይሄ ልዩነት ብዙም አይታያችሁም። ባዶ ቦታ ላይ ግን ነገሩ ሁሉ የሚያዘው እዚህ ጋ ነው፤ ቤት ከሌለ የሚሸጠው ምኑ ነው?

መልሱ ባለቤቱ በያዘው ወረቀት ይወሰናል። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እንደሚባለው፣ እዚህ ጋ ትንሽ እንቆይ።

የሊዝ ቦታ ከሆነ መብቱ ሊተላለፍ ይችላል። ግን በ2004ቱ የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 መሠረት፣ ግንባታው ካልተጀመረ ወይም ግማሽ ካልደረሰ ሽያጩ የሚካሄደው በመሬት መሥሪያ ቤቱ ክትትል ነው። ሻጩም ለራሱ የሚያስቀረው የከፈለውን የሊዝ ክፍያ ከነባንክ ወለዱ፣ የሠራው ግንባታ ካለ የእሱን ዋጋ፣ እና ከሊዝ ማስተላለፊያው ዋጋ 5 በመቶ ብቻ ነው፤ የቀረው ለከተማው ገቢ ይሆናል። ይሄን አንቀጽ ያነበበ ሰው ብዙ ሻጮች ለምን "እኛው በእኛው እንጨርሰው" እንደሚሉ ወዲያው ይገባዋል። ሌላም አለ። የሊዝ ውል ግንባታ የሚጀመርበትና የሚያልቅበት ጊዜ አለው። ቆርቆሮ ለብሶ ዓመታት የከረመ ቦታ ጊዜው ያለፈበት ሊሆን ይችላል፣ ያለፈበትን ደግሞ ከተማው መልሶ ሊወስደው ይችላል። በሌላ ሰው ጥፋት የሚነጠቅ ቦታ ገዝታችሁ ቁጭ እንዳትሉ።

ነባር ይዞታ ከሆነ፣ ማለትም ከሊዝ በፊት የተያዘ ቦታ፣ ላዩ ላይም ምንም ቤት ከሌለ፣ በሽያጭ የሚተላለፍ ንብረት የለም ማለት ነው። በከተማው ዳር ባዶ ቦታ ላይ በአንድ ሌሊት የጭቃ ቤት የሚበቅለው ለዚህ ነው። ያለ ግንባታ ፈቃድ የበቀለች ቤት ግን ለገዢ መከታ አትሆንም፣ ትፈርሳለች። በሕጋዊ መንገድ የተሠራ ቤት ካለበት ሽያጩ ይቻላል፤ ያኔም ነባር ይዞታ ከውርስ ውጪ ሲተላለፍ አዲሱ ባለይዞታ ወደ ሊዝ ይገባል። ዋጋ ስትደራደሩ ይሄን ክፍያ አትርሱት።

የአርሶ አደር ይዞታ ከሆነ ለሽያጭ አይቀርብም፣ ነጥብ። በዚህ ላይ የሚፈጠሩትን ዘዴዎች ሁላችንም ሰምተናል። ሽያጩን የብድር ውል ያስመስሉታል፣ ወይም የስጦታ። ክርክር የመጣ ቀን ፍርድ ቤት የሚያየው ከወረቀቱ ጀርባ ያለውን ነው፣ የመሬት ሽያጭ ውል ደግሞ ፈራሽ ነው። ገንዘባችሁን መልሱልኝ እያላችሁ ዓመታት ትመላለሳላችሁ።

ሰነድ አልባ ከሆነ ሻጩ መጀመሪያ የሚነግራችሁ "97 ላይ ይታያል" የሚል ነው። የ1997ቱን የአየር ካርታ ማለቱ ነው፤ ሰነድ የሌለውን ይዞታ ሕጋዊ ለማድረግ አንዱ መመዘኛ እሱ ስለነበር። ካርታው ላይ መታየት ግን የይዞታ ማረጋገጫ መያዝ አይደለም። "ይታያል" ላለ ሰው መልሱ "እሺ፣ ካርታውን አውጥተው ይምጡ፣ ያኔ እናወራለን" ነው።

አንዳንዴ ደግሞ ባለቤት የለውም። ለመንገድ የተተወ፣ አረንጓዴ ቦታ፣ የወንዝ ዳር፣ ወይም የከተማው ክፍት መሬት ሆኖ አንድ ብልጥ አጥሮት ሊሆን ይችላል። ያኔ ካጠረው ሰው ጋር አትነጋገሩ። ለብቻው ቤት የማይወጣው ቁራጭ ከሆነ፣ ለአዋሳኝ የሚሰጥበት አሠራር እንዳለ ለመሬት መሥሪያ ቤቱ ማመልከቻ ጽፋችሁ ጠይቁ።

በእኛ በኩል አንድ ተጨማሪ ጣጣ አለ። በ2014 የአዲስ አበባና የኦሮሚያ ወሰን ላይ ስምምነት ተደርሷል፣ በ2015 ደግሞ ለገጣፎ ለገዳዲ፣ ሱሉልታ፣ ቡራዩ፣ ሰበታ እና ሌሎቹም ተሰብስበው ሸገር ከተማ ሆኑ። ዳር ላይ ከሆናችሁ የእናንተ ቤት በአዲስ አበባ መዝገብ፣ የጎናችሁ ቦታ በሸገር መዝገብ ሊሆን ይችላል። ቢሮውም፣ መመሪያውም፣ የሰነዱ ቋንቋም ይለያያል። አጥሩን አፍርሼ አንድ ግቢ አደርገዋለሁ ያላችሁ ከሆነ ይሄን ቀድማችሁ አጣሩ።

## በምን እንመዝናቸው?

ለእኔ ትልቁ መስፈርት ወረቀቱን ምን ያህል ቶሎ ታያላችሁ የሚለው ነው። ዋጋ ሳይነሳ ካርታውን ያሳየ መንገድ ጥሩ መንገድ ነው።

ሁለተኛው ጉጉታችሁ ምን ያህል ይጋለጣል? በተጋለጠ ቁጥር ዋጋ ይወጣል።

ሦስተኛው ጉርብትናው ነው። "አይሆንም" ብትባሉም ነገ ውሃ የሚወርድባችሁ፣ አጥር የምትጋሩት፣ ለቅሶ የምትደርሱት ከዚያው ሰው ጋር ነው። ወጪና ጊዜን አራተኛና አምስተኛ አድርጓቸው።

## ራሳችሁ ስትሄዱ

ርካሹ መንገድ ነው፣ በአግባቡ ከተሠራ ምርጡም ነው። ብዙ ሰው የሚያበላሸው በመቸኮሉ ነው።

መጀመሪያ ባለቤቱን አግኙት። ቦታው ላይ የላስቲክ ጎጆ ሠርቶ የሚኖር ዘበኛ ካለ፣ ከወረዳው መዝገብ የበለጠ ያውቃል። ማን እንደሚከፍለው፣ ማን በመኪና እየመጣ እንደሚያይ፣ ከዚህ በፊት ማን ሊገዛ መጥቶ በምን እንደተጣላ ሁሉ ይነግራችኋል። ቡና ጋብዙት። ግን ለዘበኛም ቢሆን "ልገዛ ነው" አትበሉ፤ "ውሃው እየገባብኝ ነው፣ ባለቤቱን ላግኘው" በቂ ነው። ዘበኛ ከሌለ የሰፈሩን ዕድር ጠይቁ። የዕድር ዳኛ የማያውቀው አጥር የለም።

ባለቤቱን ስታገኙት የመጀመሪያው ቀን የመግዣ ቀን አይደለም። ሁለታችሁንም በሚነካ ጉዳይ ጀምሩ፣ በፍሳሹ፣ በቆሻሻው፣ በጅቡ፣ በአጥሩ። እኔ ሁለተኛ ዙር ስሞክር እንዲህ ነበር ያልኩት፦

"ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ። ከቦታዎ አጠገብ ያለሁት ጎረቤትዎ ነኝ። ክረምቱ እየመጣ ስለሆነ ፍሳሹን በጋራ ብናስተካክለው ብዬ ነው። ለመሆኑ ቦታውን ለልጆች ነው ያሰቡት ወይስ ሌላ ሐሳብ አለዎት?"

ይሄ የመጨረሻው ጥያቄ ብዙ ይሠራል። ሰውዬው "ልሠራበት ነው" ካለ ተገላገላችሁ፣ መቼ እንደሚሠራ ብቻ ጠይቁት። "እንዲሁ ነው ያለው" ካለ በሩ ገርበብ ብሏል። "የወንድማማቾች ነው" ካለ ደግሞ ሙሉውን ታሪክ ነገራችሁ፤ ውርስ ነው፣ ብዙ ፊርማ አለበት። በዚያ ቀን ዋጋ አታንሱ። እሱ ቢያነሳም "እስቲ ከቤት ሰው ጋር ልምከርበት" ብላችሁ ውጡ።

ሁለተኛ ስትሄዱ የምትጠይቁት ዋጋ ሳይሆን ወረቀት ነው። "በማን ስም ነው ያለው? ካርታው ወጥቷል?" ካርታው ወጥቷል ያለ ሰው ፎቶ ኮፒ ለማሳየት የሚያቅማማ ከሆነ አንድ ነገር አለ ማለት ነው።

ድካሙ ምኑ ላይ ነው? ባለቤቱ እዚህ አገር ከሌለ። ያኔ የምታገኙት "ተወካዩን" ነው። ውክልናውን ራሱን አንብቡት። የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ "ያስተዳድር፣ ይከታተል" የሚል አጠቃላይ ውክልና አይበቃም፣ መሸጥ እንደሚችል በግልጽ መጻፍ አለበት። ወካዩ ከሞተ ደግሞ ውክልናውም አብሮ ያልቃል። በሞተ ሰው ውክልና ሽያጭ ሲካሄድ ስንት ጊዜ ሰምተናል።

ሌላው ድካሙ ጠባያችሁ ነው። ፊታችሁ ላይ ሁሉም ነገር የሚነበብ ሰው ከሆናችሁ ባለቤታችሁን ወይም ታላቅ ወንድማችሁን ይዛችሁ ሂዱ። እኔ ዝም የምትለዋን ባለቤቴን ይዤ መሄድ የጀመርኩት ዘግይቼ ነው።

## ሽማግሌ መላክ

ለትዳር ብቻ አይደለም ሽማግሌ የሚላከው። በዳር ሰፈሮች የቦታ ጉዳይ አሁንም በሽማግሌ ብዙ ይፈታል፣ በተለይ ቀድሞ ኩርፊያ ካለ። በአጥር ተጣልታችሁ የምታውቁ ከሆነ በራሳችሁ እግር አትሂዱ፤ የመጀመሪያው አምስት ደቂቃ የድሮውን ጠብ መልሶ ያቀጣጥለዋል።

የሽማግሌ ጥቅሙ የሚታየው ውርስ ላይ ነው። አራት ወንድምና እህት በአንድ ቦታ ሲከራከሩ፣ እናንተ አንዱን ብታናግሩ ሌላው "ከእሱ ጋር ተመሳጥሮ" ይላችኋል። አንድ የዕድር ሰው፣ አንድ የቤተ ክርስቲያኑ ወይም የመስጊዱ ሰው፣ አንድ ሟቹን የሚያውቅ አዛውንት ሆነው ሲሄዱ ግን ሁሉም አንድ ላይ ይቀመጣል። የድሮ የአካባቢው ገበሬ ቤተሰብ ከሆነ ኦሮምኛ የሚናገር፣ ሰፈሩ የሚያውቀው ጃርሳ (የአገር ሽማግሌ) ካልገባበት ጨዋታው አይጀመርም። ስማቸውን በ"ኦቦ" ጠርቶ፣ ስለ ከብቱና ስለ ልጆቹ ጠይቆ፣ ቀስ ብሎ ነው የሚገባው። እናንተ በአማርኛ ቀጥታ "ቦታው ይሸጣል?" ብትሉ መልሱን አታገኙትም።

ጉዳቱም አለ። ሽማግሌ አንድ ጊዜ ከገባ መውጣት ያስነውራል። ሦስት አዛውንት ተቀምጠው "በዚህ ይሁን" ካሉ በኋላ "ወረቀቱ አላማረኝም" ብላችሁ ብትተዉ ያፈረው እናንተን የወደደው ሰው ነው። ሽማግሌ ደግሞ ካርታ አያነብም፣ ቃል ነው የሚያምነው። "የተከበረ ሰው ነው፣ አይዋሽም" ይሏችኋል። ሰውዬው አለመዋሸቱ ጥሩ ነው፣ ባንክ ግን ቦታውን በመያዣ ይዞት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሲላኩ ልኩን ንገሯቸው፤ "ፈቃደኛ መሆናቸውንና ወረቀቱን ማሳየታቸውን ብቻ ጠይቁልኝ፣ ዋጋ እኔ እነጋገራለሁ" በሏቸው።

ወጪው? የመጓጓዣ፣ የምሳ፣ ነገሩ ካለቀ ደግሞ ጋቢ ወይም የምስጋና ነገር። ከደላላ ጋር አይወዳደርም።

## ደላላ

በደላላ ላይ ቂም አለኝ፣ ስለዚህ ፍርዴን በጥንቃቄ ያዙት። ግን የሚገባቸውን እንስጣቸው። ባለቤቱ የት እንደጠፋ ማንም በማያውቅበት ጊዜ የሚያገኘው ደላላ ነው። አካባቢው በካሬ ስንት እየተባለ እንደሆነም ያውቃል፣ የተጠየቀውን ሳይሆን በትክክል የተከፈለውን። ይሄን መረጃ ከሌላ ቦታ አታገኙትም።

ችግሩ የደላላ ጥቅም ሽያጩ በመፈጸሙ ላይ ብቻ ነው። ኮሚሽኑን ብዙ ጊዜ ከሁለቱም ወገን ይቀበላል፣ አንዳንዱ ባለቤቱ ከጠየቀው በላይ ዋጋ ጭኖ ልዩነቱን ይወስዳል። ወረቀቱ እስከሚጣራ መቆየት ለእሱ ኪሳራ ነው፣ "ሌላ ሰው ሊወስደው ነው፣ ዛሬ ቀብድ ካላስያዛችሁ አለቀ" የሚለውም ለዚህ ነው። ልብ በሉ፣ ስድስት ዓመት ጅብ ሲያድርበት የኖረ ቦታ ዛሬ ከሰዓት አያልቅም።

ደላላ ከተጠቀማችሁ አንድ ብቻ ያዙ። ስማችሁንና ጎረቤት መሆናችሁን አትንገሩት፤ ከተቻለ ሌላ ሰው ይጠይቅላችሁ፣ በዚያ ሰፈር ቦታ የሚፈልግ ሰው ሆኖ። የእሱን ድርሻ በጽሑፍ ቁረጡ። ገንዘብ በእሱ እጅ አይለፍ፣ ቀብድም ቢሆን።

## ጠበቃ

ባለቤቱን ለማናገር ጠበቃ መጀመሪያ መላክ ስህተት ይመስለኛል። በእኛ አገር ጠበቃ ደጅ የቆመ ቀን የሚታሰበው ክስ ነው። "ምን አጠፋሁ?" ይላል ሰውዬው፣ እሱም ጠበቃ ይይዛል፣ ጉርብትናው እዚያው ያልቃል።

ከጀርባ ሲሆን ግን ከሁሉም ይበልጣል። የሊዝ ቦታ ከሆነ፣ ወራሾች ካሉበት፣ ወይም ባለቤቱ ውጭ አገር ሆኖ በውክልና ከሆነ ዋጋ ከመነጋገራችሁ በፊት አንድ ቀን ቁጭ ብላችሁ አማክሩት። የአንድ ቀን ምክር ክፍያ ከቦታው ዋጋ ጋር ሲተያይ ምንም ነው። ሙሉ ጉዳዩን ከያዘላችሁ ክፍያውን አስቀድማችሁ በውል ቁረጡ።

## ሳይገዙ መጠቀም

ይሄ ብዙ ሰው የማያስበው መንገድ ነው። የምትፈልጉት ቆሻሻው እንዲጸዳ፣ ውሃው እንዲመለስ፣ ወይም ትንሽ ጎመን ለመትከል ከሆነ ለምን ትገዛላችሁ? ባለቤቱን ፈቃድ ጠይቁት። የእሱ ፍርሃት አንድ ነው፣ ገብቶ ይቀርብኛል የሚል። ስለዚህ በአንድ ገጽ ወረቀት "ቦታው የእርስዎ ነው፣ የማጸዳው በፈቃድዎ ነው፣ በጠየቁኝ ቀን እወጣለሁ" ብላችሁ ፈርሙለት። ምንም ነገር አትገንቡበት፣ አጥርም አትግፉ። በዚህ መንገድ ሁለት ዓመት የቆየ ሰው፣ ባለቤቱ ለመሸጥ የወሰነ ቀን መጀመሪያ የሚደወልለት እሱ ነው። በወግ ለጎረቤት ቀድሞ ይነገራል፣ ግን "ቅድሚያ አለኝ" ብላችሁ የምትሟገቱበት ነገር አይደለም።

## በአንድ ላይ ሲታዩ

| መንገድ | ወረቀቱን ማየት | ዋጋ ላይ | እምቢ ቢባል | ወጪ | ጊዜ |
|---|---|---|---|---|---|
| ራስ መሄድ | በሁለተኛው ቀን ጠይቆ | ታግሦ ለሚያወራ ጥሩ፣ ለችኩል መጥፎ | ብዙም አይጎዳም | የቡና | ሳምንታት |
| ሽማግሌ | ካልተነገራቸው አይጠይቁም | ይለዝባል፣ ግን ያስራል | ሽማግሌው ያፍራል፣ ጉርብትናው ይተርፋል | ምሳና ምስጋና | ወራት |
| ደላላ | ዘግይቶ፣ አንዳንዴም ከቀብድ በኋላ | ጎረቤት መሆናችሁን ካወቀ ይጨምራል | ወሬው ይሰራጫል | ኮሚሽን | ፈጣን |
| ጠበቃ በፊት ለፊት | ወዲያው | ሻጩ ይጠነክራል | ይቀየማል | የጥብቅና ክፍያ | መካከለኛ |
| ጠበቃ ከጀርባ | ወረቀቱ በእጃችሁ ሲገባ | አይነካም | ማንም አያውቅም | የምክር ክፍያ | አንድ ሁለት ቀን |
| ሳይገዙ በፈቃድ | አያስፈልግም፣ ግን በጊዜ ይታያል | ገና አልተነሳም | ምንም | የማጽጃ | ወዲያው |

## ለማን የትኛው?

መኪና ማቆሚያ ወይም ውሃ መውረጃ ብቻ የምትፈልጉ ከሆነ ፈቃድ ጠይቁ፣ አትግዙ። ከቦታው ላይ ጥቂት ካሬ ቆርሶ መግዛት ቀላል ይመስላል፣ ግን አንድን ይዞታ ለሁለት መክፈል የራሱ መስፈርት አለው፤ ተከፍሎ የሚቀረው ከዝቅተኛው የቦታ ስፋት በታች ከሆነ አይፈቀድም።

ፎቅ ተሠርቶ ፀሐይ ይከለክለኛል ብላችሁ ከሆነ፣ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት የአካባቢውን ፕላን ጠይቁ። እዚያ ቦታ ላይ ስንት ወለል እንደሚፈቀድ ይነግራችኋል። የፈራችሁት ነገር ጨርሶ የማይፈቀድ ሊሆን ይችላል።

ለልጆች ብላችሁ ከሆነና ጊዜ ካላችሁ፣ ራሳችሁ ሂዱ፣ ወራሾች ካሉ ሽማግሌ ጨምሩ፣ ጠበቃውን ከጀርባ አድርጉ። እኔ ዛሬ ብጀምር የምጀምረው እንዲህ ነው።

ገንዘቡ በእጃችሁ ያለና ጊዜ የሌላችሁ ከሆነ፣ ደላላውን ባለቤቱን ለማግኘትና የሰፈሩን ዋጋ ለማወቅ ብቻ ተጠቀሙበት። ከዚያ በኋላ ያለውን ጠበቃ ይያዘው።

ገንዘቡ ግማሽ ብቻ ከሆነ ያላችሁ፣ "ግማሹን አሁን፣ ግማሹን ስም ሲዞር" የሚል ስምምነት የተለመደ ነው። ግን የመጀመሪያው ግማሽ ሲከፈል የተመዘገበ ውል ከሌለ የምትከፍሉት ለእምነት ነው።

ውጭ አገር ሆናችሁ እዚህ ያለ ቤታችሁን ለማስፋት ከሆነ፣ ለእናንተ የሚሄደው ዘመድ የሚሸጠው ሰው ዘመድ እንዳይሆን። ይሄ ቀልድ አይደለም። በአንድ ሰፈር ሁሉም ዘመድ ነው።

## ብር ከኪስ ከመውጣቱ በፊት

በማንኛውም መንገድ ብትሄዱ መጨረሻው አንድ ነው። የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ፣ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት መደረግ አለበት። አዲስ አበባ ላይ የምትሄዱት ሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ ነው። የመንደር ውል፣ አሥር ምስክር ቢፈርምበትም፣ የመንደር ውል ነው።

ቀብድ ላይ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ጥሩ ደንብ አለው፤ የሰጠ ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፣ የተቀበለ ቢያፈርስ እጥፉን ይመልሳል። ብዙ ሰው ይሄን ይዞ ይተማመናል። ዋናው ውል ራሱ ሕግ የማይቀበለው ከሆነ ግን እጥፉ ቀርቶ ቀብዱን ማስመለስም ክርክር ነው።

ሻጩ ያገባ ከሆነ የትዳር ጓደኛው ፊርማ ያስፈልጋል። በ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ያልተስማማው ወገን ባወቀ በ6 ወር፣ ቢበዛ በ2 ዓመት ውስጥ ውሉ እንዲፈርስ መጠየቅ ይችላል። ሻጩ "አላገባሁም" ካለ ያላገባ ማስረጃውን አምጣ በሉት፣ አትፈሩ። ወራሽ ከሆኑ የፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ላይ ያለው ስም ሁሉ ይፈርም። ታናሽየዋ "እሺ ብላለች" አይሠራም።

ከዚያ ዕዳና እገዳ እንደሌለበት ከመሬት መሥሪያ ቤቱ ይጣራ፣ የዓመቱ ግብር መከፈሉ ይታይ። ካርታው ላይ ያለውን ስፋት መሬቱን ለክታችሁ አመሳክሩ፤ ችካሉ ካለበት ተነስታችሁ፣ ከቆርቆሮው አይደለም። ቆርቆሮ ይራመዳል። ከእኔ ጎን ያለው ቦታ ሲለካ ለካ አጥሩ ወደ እኔ ግማሽ ሜትር ገብቶ ኖሯል፣ ልገዛ ከምፈልገው ላይ የራሴን ልገዛው ነበር።

የስም ማዞሪያ ወጪም አስሉ። የቴምብር ቀረጥ 2 በመቶ አለ፣ የአገልግሎት ክፍያ አለ፣ በሻጩ ላይ ደግሞ ከትርፉ የሚከፈል ግብር ሊኖር ይችላል። "ሁሉንም ገዢ ይሸፍናል" የሚል ልማድ ስላለ ማን ምን እንደሚከፍል ውሉ ላይ ይጻፍ። የሊዝም የግብርም መመሪያ በየጊዜው ይነካካል፣ የዛሬውን ከመስኮቱ ጠይቁ። ገዝታችሁም ካርታዎቹ ሁለት ሆነው ነው የሚቀጥሉት። አንድ ላይ መገንባት ከፈለጋችሁ ይዞታዎቹ እንዲቀላቀሉ በማመልከቻ መጠየቅ አለባችሁ።

የእኔ ነገር የት ደረሰ ለምትሉ፣ ያ "ዘመድ ነኝ" ያለው ሰውዬ ምንም ውክልና አልነበረውም። ከዕድር ሰው ጋር ሆኜ ስጠይቅ ቦታው የአራት ወራሾች ሆኖ ተገኘ፣ እዚህ ያሉት ታላቅየው ጋሼ ናቸው፣ አንዷ ውጭ አገር ናት፣ ውክልናዋ እየተጠበቀ ነው። ዋጋ አልተነሳም። እስከዚያው አንድ ገጽ ተፈራርመን አረሙን አጸዳሁት፣ የቆርቆሮው በር ቁልፍም እኔ ጋ ነው። ጅቡ አሁን በሌላ በኩል ነው የሚያልፈው።